የዓይን መድኃኒቱ ከክለቡ፣ ጉድጓዱ ከገበሬው

አንድ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለብ ለገጠር ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ሲያስረክብ ሪባን ይቆረጣል፤ ጭብጨባ ይሰማል፤ የሰጪው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ የሚታየው ግን በየቀበሌው ይለያያል። በአንዱ ሴቶች ተራ ይዘው እንስራና ጀሪካን ይሞላሉ። በሌላው የፓምፑ እጀታ ዝጎ፣ ሰሌዳው ብቻ ቆሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 በገጠር ውሃ አቅርቦት ባለሙያዎች የወጣ ግምት እንዳመለከተው ከሰሃራ በታች በሚገኙት የአፍሪካ አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች ከሦስት አንዱ ያህሉ አገልግሎት የማይሰጡ ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ መንግሥት ያስተከላቸው አሉ፤ የርዳታ ድርጅቶችና ክለቦች ያስተከሏቸውም አሉ። የሰጪው ስም የቱንም ያህል ቢከበር የተበላሸ ፓምፕ ጥም አይቆርጥም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስለ እነዚህ ክለቦች በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው የአባላቱን ደግነት አይደለም። ደግነታቸው አጠያያቂ አይደለም። ሊታወቅ የሚገባው የክለቡ ሥራ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ከየት ጀምሮ ደግሞ የገበሬው ማኅበር ድርሻ እንደሚሆን ነው።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት ክለቦች አንዱ ሮታሪ ነው። ይህን ክለብ እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስ የተባሉ ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ መሠረቱት። ስብሰባው በየተራ በአባላቱ የሥራ ቦታ ይደረግ ስለነበር «ሮታሪ»፣ ማለትም ተዘዋዋሪ፣ የሚል ስም ወጣለት። መጀመሪያ የነጋዴዎችና የባለሙያዎች መተዋወቂያ ከመሆን አላለፈም ነበር። ወደ ሕዝብ አገልግሎት ሲዞር ግን ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ በቺካጎ መሐል ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማስተባበር ነበር። ዛሬ በየቀበሌው ሽንት ቤት ለማስቆፈር ደጅ ለደጅ የሚዞር የማኅበር መሪ ይህን ቢሰማ ብቻውን አለመሆኑን ይረዳል። ሁለተኛው ክለብ ላይንስ ሲሆን በዚያችው ከተማ በኢንሹራንስ ሥራ ይተዳደሩ በነበሩት በሜልቪን ጆንስ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1917 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1925 ማየትም መስማትም የማይችሉት ታዋቂዋ ሔለን ኬለር በላይንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ክለቡ ለዓይነ ስውራን እንዲቆም ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የዓይን ጤና የላይንስ ዋና ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱም ክለቦች ዛሬ እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ አባላት አሏቸው።

የክለቡ አባል ለአገልግሎቱ ደመወዝ አይከፈለውም፤ እንዲያውም መዋጮ ይከፍላል። ለኢትዮጵያ ገበሬ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በእድር፣ በደቦ፣ በወንፈል ሲረዳዳ የኖረ ነውና። ልዩነቱ እድር የሚረዳው አባሉን ሲሆን ክለቡ ግን የሚረዳው አባል ያልሆነውን፣ ብዙ ጊዜም አይቶት የማያውቀውን ሰው መሆኑ ነው። የክለቡ ጥንካሬም ድክመትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በሩቅ አገር የሚኖር ሰው ለማያውቀው ሕፃን ገንዘብና ጊዜ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ቢቀደድ በማግሥቱ ያውቃል። ክለቡ ግን የፓምፑ ጎማ ማለቁን የሚያውቀው አንድ ሰው ሲነግረው ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት የልጅነት ልምሻን፣ ማለትም ፖሊዮን፣ ለማጥፋት የተደረገውን ዘመቻ መመልከት ይጠቅማል። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1979 በፊሊፒንስ ሕፃናትን በማስከተብ ጀመረ። በ1985 ሥራውን ወደ ዓለም አቀፍ ዘመቻ አሳደገው። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል አብረውት ተሰለፉ። በዚያ ዓመት በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች በየዓመቱ ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን ያሽመደምድ እንደነበር ተገምቷል። ዛሬ የተፈጥሮው ቫይረስ ሥርጭት ያልተቋረጠባቸው አገሮች አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ብቻ ናቸው። የአፍሪካ አህጉር በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከዚህ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። ሮታሪ ለዚህ ዘመቻ ያዋለው ገንዘብ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ገንዘቡ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለት ጠብታ ክትባት በእያንዳንዱ ሕፃን አፍ የገባው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። ክትባቱ በቅዝቃዜ ሣጥን ተይዞ በበቅሎም በእግርም መጓዝ ነበረበት። ከሁሉም በላይ በየጎጡ ያሉትን ሕፃናት፣ በዘላንነት የሚንቀሳቀሱትን ጭምር፣ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ ይህን ያከናወኑት የጤና ሠራተኞችና የየአካባቢው ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ በሲያትል የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዕዝራ ተሾመ የሮታሪ አባላትን እያስተባበሩ ለክትባት ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ ይዘው ሲመጡ ቆይተዋል። እነዚህ እንግዶችም ቢሆኑ በየቤቱ የሚዞሩት የአካባቢውን ሰው ተከትለው ነው። መንገዱን የሚያውቀውና «በዚህ ቤት ሁለት ሕፃናት አሉ» የሚለው እርሱ ነው።

በአንዳንድ ቦታ ሕፃናት ሳይቆጠሩ ሲቀሩ ምን እንደሚከተልም ታይቷል። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻና በ2006 ዓ.ም. ቫይረሱ ከውጭ ገብቶ በሶማሌ ክልል 10 ሰዎች በፖሊዮ ተይዘዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክትባት በሚገባ ባልተዳረሰባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከክትባቱ ውስጥ ካለው የተዳከመ ቫይረስ የተለወጠ ዝርያ ታይቷል። በፓኪስታንና በአፍጋኒስታንም በተፈጥሮው ቫይረስ የተያዙት እ.ኤ.አ. በ2023 በድምሩ 12 ብቻ የነበሩ ሲሆን በ2024 ወደ 99 ወጥተዋል። የክለቡ መዋጮ በዚያን ዓመት አልተቋረጠም። ችግሩ ክትባቱ ያልደረሰባቸው ቤቶች መኖራቸው ነበር።

ወደ ዓይን በሽታ ሲመጣ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል፤ ለአማራ ክልል ገበሬ ደግሞ የቅርብ ጉዳይ ነው። ትራኮማ፣ ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው፣ በልጅነት በተደጋጋሚ እየያዘ የዓይንን ቆብ ከውስጥ ያቆስላል። ቁስሉ ሲጠባሰስ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈገፍገዋል። ከዚህ ደረጃ የደረሱ ብዙ ሴቶች ወረንጦ ይዘው ፀጉሩን እየነቀሉ ይኖራሉ። የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል፤ ብሌኑም እየነጣ ሄዶ ብርሃን ይጠፋል። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ከታመሙ ልጆች ጋር ውሎ የሚያድረው ማን እንደሆነ ለገበሬ አይነገርም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ከ100 ሕፃናት ውስጥ 62 ያህሉ የትራኮማ ሕመም ታይቶባቸዋል። የአገሪቱ አማካይ 40 ያህል ነበር።

ላይንስ ክለቦች በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጂሚ ካርተር ከተቋቋመው ካርተር ማዕከል ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 በዓይን በሽታ ላይ በጋራ ለመሥራት ተስማሙ። ካርተር ራሳቸው ፖለቲከኛ ከመሆናቸው አስቀድሞ በትውልድ መንደራቸው የላይንስ ክለብ አባል ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩል ሥራውን ለረጅም ጊዜ ካስተባበሩት የላይንስ አባላት መካከል በቅድሚያ የሚጠቀሱት ዶክተር ጥበበ የማነ ብርሃን ናቸው። ሥራው የተካሄደው ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር ሲሆን መድኃኒቱን፣ ዚትሮማክስ የተባለውን፣ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ በነፃ ሰጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወባና የትራኮማ ሳምንት፣ «ማልትራ» የተባለው፣ ተጀመረ። ክልሉ ለሁለት ተከፍሎ በየተራው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሚሊዮኖች መድኃኒት ይታደል ነበር። አዳዩ ምልክት ያለበት ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ የሰውየው ቁመት በዘንጉ ተለክቶ የሚወስደው ፍሬ ብዛት ይታወቃል። ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የዓይን ቅባት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የቀበሌው መዋቅር ካልተንቀሳቀሰ በአንድ ሳምንት ቀርቶ በአንድ ዓመት አይጠናቀቅም።

መድኃኒቱ ግን የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የጤና ባለሙያዎች ትራኮማን የሚዋጉት በአራት መንገድ ነው፤ ቆቡ የታጠፈበትን በቀላል ቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒት ማደል፣ የልጆችን ፊት ማጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት። ከእነዚህ የፊተኞቹን ሁለቱን ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ፣ በሠለጠነ ነርስና በፋብሪካ መድኃኒት መፈጸም ይቻላል። የኋለኞቹን ሁለቱን ግን ማንም ክለብ ለገበሬው ሊፈጽምለት አይችልም።

ምክንያቱን የሚያስረዳው የዝንቧ ጠባይ ነው። ማዙን ከልጅ ወደ ልጅ ከሚያዛምቱት አንዷ ዓይን ላይ የምታርፈው ትንሽ ዝንብ ነች። ይህች ዝንብ በዋናነት የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በጉድጓድ ውስጥ ባለው አትራባም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጎረቤት ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ቤት በሜዳ ቢጸዳዳ ዝንቧ ከዚያ ቤት ተነሥታ የሌላውን ልጅ ዓይን ታገኛለች። የሽንት ቤት ነገር የግል ጉዳይ ሳይሆን የጎጡ ሁሉ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው። ከብት የሰው ማሳ እንዳይገባ ደንብ የሚያወጣ ማኅበር በዚህም ላይ ደንብ ቢያወጣ የሚያስገርም አይሆንም።

ገበሬው ይህን ከተረዳ ምን ያህል እንደሚሠራ በምሥራቅ ጎጃም በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በወረዳው ሽንት ቤት ለማስፋፋት ቅስቀሳ ሲካሄድ በአንድ ዓመት ገደማ ከ20 ሺህ በላይ አዳዲስ የቤተሰብ ሽንት ቤቶች ተሠሩ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ በእርዳታ አልታደለም። አባወራው የራሱን ጉድጓድ ቆፈረ፣ በእጁ ባለው እንጨት ረበረበ፣ በጭቃ መረገ። ሥራውን የገፉት በተለይ ሴቶቹ እንደነበሩ ይነገራል። ሴት ልጅ በቀን ብርሃን ወደ ሜዳ መውጣት ነውር በመሆኑ ጨለማ እስኪሆን የምትጠብቀው እርሷ ነበረችና። ለቅስቀሳው የመጣው ባለሙያ ስለ ዝንብ ሲያስተምር ሴቶቹ ግን ስለ ክብራቸው ያስቡ ነበር። ጉድጓዱ ለሁለቱም አገልግሏል። ጂሚ ካርተርም በኋላ በኢትዮጵያ የታወቁት በሽንት ቤት አሠሪነት መሆኑን እያነሱ ይቀልዱ ነበር።

ይህም ሆኖ ትራኮማ ከአማራ ክልል አልጠፋም። ደረጃው ከቀድሞው በእጅጉ ዝቅ ያለባቸው ወረዳዎች አሉ። ነገር ግን መድኃኒት ከ10 ዓመት በላይ በየዓመቱ ከታደለ በኋላም በብዙ ወረዳዎች የሕፃናቱ ሕመም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ከ100 ሕፃናት ከ5 በታች ከሚለው መጠን ሳይወርድ ቆይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነትና ከዚያ በኋላ በክልሉ የተከተለው ግጭት ደግሞ የመድኃኒት እደላውን በየቦታው አሰናክሏል። ከዚህ የሚወሰደው መደምደሚያ መድኃኒቱ አልረባም የሚል መሆን የለበትም፤ ዓይን አድኗልና። የሚታየው መድኃኒቱ የሚያጠፋውን የሜዳው ዝንብና ያልታጠበ ፊት መልሰው የሚተኩት መሆኑ ነው። ሽንት ቤትም ቢሆን አንዴ ተቆፍሮ አያበቃም። የጭቃና የእንጨት ሥራ ነውና ክረምት ይንደዋል፤ ምስጥ ይበላዋል። ሲሞላ ሌላ ካልተቆፈረ ቤተሰቡ ወደ ሜዳው ይመለሳል፤ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ግን «ሽንት ቤት ያለው» ተብሎ ተመዝግቦ ይኖራል። የተሠራውን መቁጠር ቀላል ነው፤ አገልግሎት ላይ ያለውን መቁጠር ግን ወደ ጓሮ ዞሮ ማየትን ይጠይቃል።

ለፊት መታጠቢያ ውሃ የለም የሚለው ምክንያትም በብዛት ይሰማል። በደረቅ ወራት ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጉዛ ውሃ ለምታመጣ እናት ይህ ቀልድ አይደለም። ሆኖም የልጅን ፊት ለማጠብ የሚያስፈልገው ውሃ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው። አንድ ኩባያ ለሁለትና ለሦስት ልጆች ይበቃል። ታችኛው ጎኑ በሚስማር ተበስቶ ቀዳዳው በእንጨት የተወተፈ አሮጌ ጀሪካን በደጅ ቢሰቀል ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወርድ አይባክንም። ለዚህ ክለብ መጠበቅ አያስፈልግም።

ክለብ የሚያስፈልገው ከገበሬው አቅም በላይ ለሆነው፣ ለምሳሌ ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር፣ ለዓይን ቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ ወይም ለረጅም የውሃ ቧንቧ መስመር ነው። እዚህ ላይ የክለቦቹን አሠራር ማወቅ ለማኅበር መሪዎች ይጠቅማል። ሮታሪ ለትልልቅ ዓለም አቀፍ ሥራዎች ድጎማ የሚሰጠው ሥራው የሚከናወንበት አገር ክለብና የሌላ አገር ክለብ በአንድነት ሲያመለክቱ ነው። የሥራው ጠቅላላ በጀትም ከ30 ሺህ ዶላር ማነስ የለበትም። አንዲት ምንጭ ለማጎልበት የሚያስፈልገው ከዚህ በጣም ያነሰ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀበሌ ብቻውን ከሚጠይቅ በአንድ ተፋሰስ ያሉ ቀበሌዎች አንድ ላይ ሆነው ቢጠይቁ የተሻለ ተቀባይነት ይኖረዋል። ሌላው የክለቡ መመሪያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው ሕዝብ ምን እንደሚያስፈልገው ተጠይቆ መታወቅ አለበት የሚል ነው። ይህ ለማኅበሩ ትልቅ መብት ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሳይጠቀሙበት ያልፋል፤ እንግዳ ያቀረበውን ሐሳብ መቃወም እንደ ነውር ስለሚቆጠር «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ ይፈረማል። ሕዝቡ የፈለገው የከብት ማጠጫ ሆኖ ሳለ ፎቶግራፍ የሚያምርለት ሌላ ነገር ተሠርቶ ሲገኝ ጥፋቱ የክለቡ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የውሃ ሥራ ከሆነ ከመፈረም አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ነው። ፓምፑ በወረዳው ካሉት ሌሎች ፓምፖች የተለየ ዓይነት ከሆነ አንዲት የጎማ ቀለበት ስታልቅ የሚሸጣት ሱቅ አይገኝም። የእጅ ፓምፕ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ይህን የመሰለ ትንሽ ዕቃ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ወርኃዊ መዋጮ ነው። «ክለቡ በነፃ የሰጠንን ውሃ ለምን ገንዘብ እንከፍላለን» የሚል አባል በየስብሰባው አይጠፋም፤ መልሱም ክለቡ የሰጠው ፓምፕ እንጂ የፓምፑን ዕድሜ አይደለም የሚል ነው። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ በሒሳብ ደብተር ተመዝግቦ በቁጠባ ተቋም ከተቀመጠ፣ ቁልፉም ውሃ በሚቀዱት ሴቶች እጅ ከሆነ፣ ብልሽቱ ባጋጠመ ዕለት ገንዘቡም ሰውም ይገኛል። ገንዘብ ያዡ ከውሃው ርቆ የሚኖር፣ ልጁ ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ከሆነ ግን ጥገናው ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ዓመት ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የሮታሪም ሆነ የላይንስ የሥራ ዓመት በኛ አቆጣጠር ከሰኔ 24 ቀን ይጀምራል፤ የክለብ ፕሬዚዳንቶችም አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይለወጣሉ። ባለፈው ጥቅምት የመጡት ሰውዬ በሚቀጥለው ዓመት ሥልጣን ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። በቃል የተሰጠ ተስፋም አብሯቸው ይሄዳል። በጽሑፍ የሰፈረ፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ ያለበት፣ ለጥገናው ማን እንደሚጠራ ስሙና የስልክ ቁጥሩ የተጻፈበት ስምምነት ግን ለአዲሱም ተተኪ ይተላለፋል። አዲሶቹ መሪዎች ሥራ የሚጀምሩት ገበሬው በእርሻና በዘር ላይ በሚሆንበት ወቅት ስለሆነ ክረምቱን መልእክት የሚሰማው አይገኝም። የቀበሌዎቹ ስብሰባ ካለፈ አዝመራ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ተደርጎ ጥያቄው ከሰኔ በፊት በከተማው ክለብ እጅ ቢገባ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይደርሳል።